ስድስት መንጠቆ ያለው ክፍል፦ ከደብረ ብርሃን አጅማን ደርሶ መልስ

ሳላይ አልልክም

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ታናሿ ልጄ ሂሩት ዱባይ ትሂድ ወይስ ትቅር የሚለውን በዓይኔ አይቼ ለመወሰን ነው። የጀመረችውን የሆቴል ሥልጠና አቋርጣለች፣ ፓስፖርቷም ወጥቷል። ኤጀንሲው መልስ ስጡን እያለ ይደውላል። ታላቅ እህቷ መሠረት እዚያ ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ስለ ኑሮዋ በጠየቅኳት ቁጥር ግን «ደህና ነኝ እማዬ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ነግራኝ አታውቅም። በላከችው ገንዘብ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት ሠርተናል። በአንዱ እኔና ሂሩት እንኖራለን፣ ሁለቱን አከራይተናል። ቤቱን ሳይ መሠረት የተሳካላት ይመስለኛል። ሌሊት ስነቃ ደግሞ አይመስለኝም። ስለዚህ «ሳላይ አልልክም» አልኩ። መሠረት የጉብኝት ቪዛ ላከችልኝ። ሂሩትም «እሺ፣ አይተሽ ስትመጪ ያልሽውን እቀበላለሁ» ብላ ቃል ገባችልኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ልጅ ልላክ፣ አልላክ እያሉ ለሚጨነቁ እናቶች ነው። ቁርጥ ያለ ምክር የሚፈልግ ግን ከወዲሁ ይወቀው፤ ግራ ተጋብቼ ሄጄ፣ ግራ ተጋብቼ ነው የተመለስኩት።

ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቆሎ ነበር። ዘግቼ ከፈትኩት፣ ከፍቼ ዘጋሁት። ፓስፖርቴን በጨርቅ ከረጢት ሰፍቼ ከቀሚሴ ሥር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ቦሌ ስደርስ አንድ ዓይነት ሻርፕ ያሰሩ ልጃገረዶች በተርታ ቆመው አየሁ። ኤጀንሲ የሚልካቸው ናቸው። ብዙዎቹ የሂሩት እኩያ ናቸው። አውሮፕላኑ ውስጥ አንዷ አጠገቤ ተቀመጠችና «እማማ፣ ይቺን ቀበቶ እንዴት ነው የሚያስሯት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አላውቀውም። ሁለታችንም ስንታገል አስተናጋጇ መጥታ አሰረችልን። ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ይህቺን ልጅ ማን ይቀበላታል እያልኩ አስብ ነበር።

አጅማን፣ አል ራሺዲያ

መሠረት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጠበቀችኝ። ጥፍሯን ቀይ ተቀብታለች፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች፤ ትከሻዋ ቀጭን መሰለኝ። በሜትሮ ሄድን። ባቡሩ ሹፌር የለውም። «ማን ነው የሚነዳው?» ስላት «ማንም እማዬ፣ ራሱ ነው የሚሄደው» አለችኝና ሻንጣዬን እንደያዝኩ እስከምንወርድ አማተብኩ። ከዚያ ወደ አጅማን የሚሄድ አውቶቡስ ያዝን። ለሰው አሥራ ሁለት ድርሃም ነው። በብር ብመታው ደነገጥኩ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር በብር አልመታም ብዬ ተውኩት።

ከዱባይ ወደ ሻርጃ፣ ከሻርጃ ወደ አጅማን ስንገባ ድንበር የሚመስል ነገር አላየሁም። መኪናው ተጨናንቆ እግረኛ እንኳ ይቀድመን ነበር። መሠረት «ኪራይ እየረከሰ ሲሄድ ሕንፃው ያጥራል፤ በዚያ እወቂው» አለችኝ። እውነትም ሕንፃው አጠረና አል ራሺዲያ ደረስን። ከታች ከረክ የሚሉት የወተት ሻይ መሸጫ፣ ፀጉር ቤትና የስልክ ሱቅ አለ። ክፍሏ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሲመጣ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል።

በሩን ስትከፍተው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሰፊ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አበባ ያለበት አዲስ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጠረጴዛ።

«ይሄ ሁሉ ያንቺ ብቻ ነው?»

«የኔ ነው እማዬ።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በኋላ ግን ነጠላዬን ልሰቅል ስል በሩ ጀርባ ስድስት መንጠቆ አየሁ። ጣራው ላይ ደግሞ ክፍሉን እዚህም እዚያም የሚያቋርጥ የመጋረጃ ሽቦ ተወጥሯል፤ መጋረጃ ግን የለውም። ወለሉ ላይ የከባድ ዕቃ እግር ያጎደጎደው ምልክት በየቦታው አለ። በረንዳው ላይ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ክምር አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የድሮ ተከራዮች ናቸው እንዲህ ያደረጉት። ሸራው ሥር ያለው የሕንፃው ዕቃ ነው።»

ልጄ አትዋሸኝም ብዬ ነጠላዬን ሰቀልኩ።

ማታ ጓደኞቿ ኬክና ጭማቂ ይዘው መጡ። አምስት ናቸው፤ ሁሉም ለሠርግ የተጠሩ ይመስላሉ። ከሁሉም ተጫዋቿ የደሴዋ ጽጌ ናት። ድርቆሹን ስታይ አቅፋ ሳመችው።

«እማማ፣ ይሄን አይተን ዝም ብንል ኃጢአት ነው!»

«ብሉ ልጆቼ። የት ነው የምትኖሩት?»

ሁሉም ጽጌን አዩዋት። «ሻርጃ እማማ፣ እዚችው ቅርብ» አለች።

በየማታው እየመጡ ሲጫወቱ አምሽተው፣ «ያላ፣ እንሂድ፣ ሻርጃ እንግባ» ተባብለው ይሄዳሉ። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ሊፍቱ ሰው ሲጭን ያቃስታል፤ እነሱ ሲሄዱ ግን አንድም ቀን ሲያቃስት ሰምቼው አላውቅም።

ማዶ ያሉት ፊሊፒኖች

ኮሪደሩን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለው በር ሁልጊዜ ክፍት ነው። ፊሊፒኖች ናቸው። አልጋቸው አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ነው፤ እያንዳንዱ በመጋረጃ ተጋርዷል። አንዲት ሴት የምትከራየው አልጋዋን ብቻ ነው፤ «ቤድ ስፔስ» ይሉታል። የሚሸተው የሩዝና የደረቀ ዓሣ ነው። ሊዛ የምትባለው ከመሠረት ጋር ነው የምትሠራው። ከሐበሾች ጋር ብዙ ዓመት ስለኖረች ጥቂት አማርኛ ታውቃለች፤ ባየችኝ ቁጥር «እማማ፣ ብይ! ብይ!» ትለኛለች፣ በእጇ ምንም ሳይኖር።

አልጋዋ አጠገብ እስከ ወገቤ የሚደርስ ካርቶን አለ። ውስጡ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ቸኮሌትና የልጅ ጫማ አለ። መሠረት እንደነገረችኝ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየገዙ ይሞሉትና ሲሞላ በመርከብ አገራቸው ይልኩታል። ይህ ገረመኝ። እኔ ከአገሬ ሽሮ ተሸክሜ ለልጄ መጣሁ። የሊዛ እናት ደግሞ አገሯ ቁጭ ብላ ከልጇ ሳሙና ትጠብቃለች። ሳሙና የሚጠብቅ ሰው ድሃ ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

እሑድ ሻርጃ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በአንድ ሰፈር ውስጥ የብዙ አገር ሰው ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ተሠርቷል። የእኛ ልጆች ነጭ ለብሰው፣ ወርቅ አድርገው ሲገቡ የባለጸጋ ልጆች ይመስላሉ። ፊሊፒኖቹ ወደየራሳቸው የሚገቡት በጂንስና በሸበጥ ነው። እኛ እንሻላለን አልኩ በልቤ። ከቅዳሴ በኋላ ጽጌን «ይሄ ወርቅሽ ያምራል» ብላት፣

«እማማ፣ ይሄ ወርቅ ብዙ አንገት ያውቃል» ብላ ሳቀች። መሠረት በክርኗ ጎሸመቻት። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

የአንሶላው ሁለት ጫፍ

መሠረት የምትሠራው ዱባይ ውስጥ አል ቁዝ በሚባል የመጋዘንና የፋብሪካ ሰፈር ነው። የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ላውንደሪ ነው። ቪላና ባሕር ያለበትን ዱባይ እዚያ አላየሁም፤ ያየሁት የጭነት መኪና፣ የሠራተኛ ማደሪያና በየሰገነቱ የተሰጣ ልብስ ነው። ከአጅማን ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ መነሣት ነው። የፈረቃው ኃላፊ ሕንዳዊ ነው። መሠረት ስታስፈቅደው፣ «እናት ናት? ትግባ፣ ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለም» ብሎ ወንበር ሰጠኝ።

ከማሽኑ አንሶላው እንደ ትኩስ ቂጣ እየጨሰ ይወጣል። አንዱን ጫፍ መሠረት ትይዛለች፣ ሌላውን ሊዛ። ይሳሳባሉ፣ ያራግፋሉ፣ ይገናኛሉ፣ ያጥፋሉ። ቃል አይነጋገሩም፤ እጃቸው እኩል ነው። ዓይኔን ሳልነቅል አየኋቸው። ልጄ እንዲህ የምታምር ሠራተኛ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ መሠረትን፣ «ደሞዛችሁ እኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አይደለም። የእሷ ይበልጣል።»

«ለምን? አንድ አንሶላ አይደለም እንዴ የምታጥፉት?»

«እሷ ከአገሯ ስትወጣ የሆቴል ሥልጠና ወስዳ፣ በውል ነው የመጣችው። የዕረፍት ቀኗ ሳይቀር ተጽፎ። እኔ የመጣሁት ማዳም ቤት በገረድነት ነው። አስፈቅጄ ወደዚህ ብዛወርም ገረድ ነበረች ብለው ነው የቀጠሩኝ። ስትገቢ የተሰጠሽ ስም አይለቅሽም እማዬ።»

አውቶቡስ ውስጥ ስንመለስ ራሴን ያዝኩ። ብዙ የሚከፈላት ሊዛ አንድ አልጋ ላይ ትኖራለች። ትንሽ የሚከፈላት ልጄ ሰፊ ክፍል አላት። ሊዛ ቤት አልሠራችም፣ ልጄ ሠርታለች። ሊዛ አርባ ዓመት ሞልቷት ከት ብላ ትስቃለች፤ ልጄ ሠላሳ ሳይሞላት ስትቀመጥ ወገቧን ትይዛለች። ደግሜ ደጋግሜ ባስበው ስሌቱ አልመጣልኝ አለ። አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ሻርጃ የት ነው?

በማግስቱ መሠረት ሥራ ገባች። ሊዛ ዕረፍት ነበረች። ቆሎ በሳህን ይዤ ኮሪደሩን ተሻገርኩ። በሩ እንደተለመደው ክፍት ነው። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ስገባ በአልጋዎቹ መሃል ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ፍራሹ ላይ ፀጉሯን ሸፍና የተኛችው ጽጌ ናት። ሌላዋ ጓደኛዋ እግሯ ሥር ተኮራምታለች። ቤተ ክርስቲያን ለብሰውት ያየሁት ነጭ ቀሚስ አልጋው ብረት ላይ ተሰቅሏል።

«ጽጌ!»

ብድግ አለች። «እማማ! እ... እንዴት አደሩ?»

«አንቺ ሻርጃ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ ዋላሂ! አሁን ልሄድ ስል ነው...»

ሊዛ እየሳቀች ወለሉን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «እማማ፣ ሻርጃ እዚህ! ሻርጃ ይሄ!»

ጽጌ ሳህኑን ተቀበለችኝና ፍራሹ ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ መደበቅ ሰልችቷት እውነቱን ነገረችኝ። ያ ሰፊ ክፍል የስድስቱም ነው፤ ወርቁም በተራ የሚያደርጉት የጋራ ነው። አልጋዎቹ ተፈታተው በረንዳ ላይ ሸራ ሥር ናቸው። እኔ ስመጣ ሦስቱ እዚህ፣ ሁለቱ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ተሸጋሽገዋል።

«ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም። እናት መጣች ሲባል ክፍሉን እንለቃለን። የእኔም እናት ብትመጣ መሠረት ትለቅልኛለች። ባለፈው የአንዷ አባት መጥተው እንዲሁ አድርገናል። ‹ልጄ ቪላ ነው ያላት› ብለው ተመለሱ።»

ሊዛ ምን እንደምንባባል ጠየቀች። ጽጌ እንግሊዝኛና ዓረብኛ እያደባለቀች ነገረቻት። ሊዛ ግንባሯን ቋጠረች። እስከዚያ ቀን ልጆቹ ለእኔ ቦታ እንዲሰፋኝ የመጡ መስሏት ኖሯል እንጂ የሚደበቅ ነገር እንዳለ አልገባትም ነበር። «ለምን?» አለች በአማርኛ። ከዚያ ስልኳን አንሥታ እናቷ ጋ ደወለች። ጥርሳቸው የወለቀ ሴትዮ ብቅ አሉ። ሊዛ ስልኩን እያዞረች ፍራሹን፣ ጽጌን፣ የእርጥብ ልብሱን ገመድ፣ እኔን ሁሉ አሳየቻቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ጽጌ እንደተረጎመችልኝ፣ የሊዛ አልጋ የትኛው እንደሆነ፣ ከላይዋ የምትተኛው ሴት እንደምታንኮራፋ ሁሉ ያውቃሉ። እሳቸውም በተራቸው ስልካቸውን ወደ ላይ አዙረው ነፋስ የወሰደውን ጣራቸውንና የሸፈኑበትን ላስቲክ አሳዩን። እናትና ልጅ ሳቁ።

እኔ ሳሙና ትጠብቃለች ብዬ ያዘንኩላት ሴት፣ ልጇ እያንዳንዱን ሳሙና በምን ዓይነት ኑሮ እንደምትገዛው ታውቃለች። እኔ ሦስት ክፍል ቤት ያለኝ ሴት፣ ልጄ የት እንደምትተኛ አላውቅም ነበር።

ሊዛን፣ «ማናችን ነን ሀብታሞቹ?» አልኳት በጽጌ በኩል።

«ሐበሻ ሀብታም ነው» አለች ሳትጠራጠር። «እናንተ ቤት አላችሁ፣ ተከራይ አላችሁ። እኔ ይሄን ያህል ዓመት ሠርቼ አንድ ግድግዳ የለኝም። ያለችኝ ነርስነት የምትማር ልጅ ብቻ ናት።»

ጽጌ ተረጎመችና ለራሷ የምትናገር ይመስል ጨመረች። «እኛ ደግሞ ፊሊፒኖ ሀብታም ነው እንላለን።»

አልጋዎቹ ሲመለሱ

መሠረት ከሥራ ስትመለስ በረንዳው ላይ ሸራውን ገልጬ ቆሜ ነበር። አየችኝና በሩ ላይ ቀረች።

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ግን ሳትነግሪኝ! ሳላይ አልልክም ብዬ ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ምን አሳየሽኝ? ለሂሩት ሰፊ ክፍል አላት ብዬ ልነግራት ነበር እኮ!»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እማዬ።»

«እኔ ሳልጨነቅ ያደርኩበት ቀን አለ?»

ቁጭ አለች። ከዚያ «እዚያ ቤት ሠርተን እናከራያለን፤ እዚህ አልጋ እንከራያለን» አለች። «ይሄን ለእናት በምን አፍ ይነግሩታል?»

«ሂሩትስ? ትምጣ ወይስ አትምጣ? አንቺ ንገሪኝ።»

«አላውቅም እማዬ። ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን ነኝ። እንደኔ ከምትመጣ ደግሞ ባትመጣ እመርጣለሁ። ሁለቱንም ነው የማስበው።»

ያን ማታ አልጋዎቹን መለስን። ልጆቹ ብረቱን ይገጥማሉ፣ እኔ ብሎኑን በመዳፌ ይዤ አቀብላለሁ። የብረቶቹ እግር ወለሉ ላይ ያየኋቸው ጉድጓዶች ውስጥ ገቡ። መጋረጃው ተሰቀለ። እኔ መሠረት አልጋ ላይ፣ እሷ ከሥሬ ወለሉ ላይ ተኛን። ስድስቱም መንጠቆ ስለተያዘ ጽጌ ለነጠላዬ አንድ ምስማር መታችልኝ።

አልጋው ላይ ስገላበጥ ክርኔ ግድግዳ ይነካል። ከመጋረጃው ማዶ አንዷ በስልክ ትሟገታለች፣ አንዷ በእንቅልፏ ታወራለች። ጎህ ሳይቀድ የሁሉም ስልክ ይጮኻል። ግን አንድ ነገር ልደብቅ አልችልም። ልጄን እንዲያ ስትስቅ ያየኋት በእነዚያ መጨረሻ ቀናት ነው። ባዶው ሰፊ ክፍል ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ነበር፤ የተጨናነቀው ውስጥ ቤቷ ገባች። ክፉ ነው ልል ስል ሳቋን እሰማለሁ። ደህና ነው ልል ስል ወገቧን ስትይዝ አያለሁ።

ደብረ ብርሃን

ስመለስ ሊዛ ከካርቶኗ አንድ ሳሙና አውጥታ ሻንጣዬ ውስጥ ጨመረችልኝ። ለእናቷ የገዛችው ነው። እምቢ ብል «እማማ፣ ኸላስ! በቃ!» አለችኝ።

ቤቴ ስገባ የሠራነው የብሎኬት ግድግዳ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ይህን ነው የምለው። የሁለት አገር ሰው አንድ አንሶላ ያጥፋል። አንዱ ከፍ ያለ ደሞዝ ይዞ ቤት የለውም፣ አንዱ ቤት ይዞ አልጋ ይከራያል። ማን እንደሚሻል እስከ ዛሬ አልለየሁም። የለየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእነሱ እናቶች ያውቃሉ፣ እኛ አናውቅም።

ሂሩት ሻንጣውን ሳልፈታው፣ «ታዲያስ? ልሂድ ልቅር?» አለችኝ።

ነጠላዬን አጥፌ ወለሉ ላይ አነጠፍኩት። «ስፋቱ ይሄ ነው። ተኚበት።»

ተኛች። «ዕቃሽ ሁሉ ከራስጌሽ፣ ልብስሽ በሩ ጀርባ ካለው ስድስት መንጠቆ አንዱ ላይ ነው። በዚህ በኩል ግድግዳ፣ በዚህ በኩል መጋረጃ ነው» አልኳት። ደንግጣ ትነሣለች ብዬ ነበር። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጣራውን አየች።

«ይበቃኛል እማዬ» አለች።

«ለአንቺ ይበቃሽ ይሆናል፤ ለእኔ አይበቃኝም» አልኳት። «በዚህ ኤጀንሲ ገረድ ተብለሽ አትሄጂም። ያቋረጥሽውን የሆቴል ሥልጠና ጨርሺ። ከዚያ በኋላም መሄድ ካማረሽ፣ ሥራሽ በስሙ ተጽፎ፣ ዕረፍትሽ ተጽፎ ሂጂ። የምትተኚበትንም በየቀኑ ታሳዪኛለሽ።»

ሂሩት ከነጠላው ላይ አልተነሣችም። መሠረት ጋ ደወልኩና «ስልኩን አዙረሽ ክፍሉን አሳዪን» አልኳት። ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ አዞረችው። አልጋዎቹ፣ መጋረጃዎቹ፣ እርጥብ ልብሱ። ልጆቹ ከየመጋረጃቸው እየወጡ እጃቸውን አውለበለቡ። ከኋላቸው የሊዛ ድምፅ «እማማ፣ ብይ!» ይላል። ሂሩት ስልኩን ከእጄ ወስዳ ብዙ አየችው።

«መንጠቆው ስድስት ነው አላልሽኝም? ሰባት ነው እኮ።»

«ሰባተኛዋ ምስማር የእማማ ናት!» አለች ጽጌ ከውስጥ። «ማንም አይሰቅልባትም!»

ሂሩት ስልኩን መለሰችልኝ። ተነሥታ ነጠላዬን አራገፈችው፣ አጥፋም ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ሰኞ ጠዋት ወደ ማሠልጠኛው ሄደች። አኩርፋ ነው የሄደችው፤ ግን ሄደች።